ካኪ የለበሰው ንጉሥ

ባለቤቴ ከድጃ ከሞተች ስምንት ወር ሆናት።

እንዲህ ያለው ነገር ለልጅ እንዴት ይነገራል? እናንተ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ ለአራት ዓመቷ ልጄ ለሂክማ፣ «እማዬ ኩታበር አያትሽ ዘንድ ናት» አልኳት። ውሸትም አይደል፤ የተቀበረችው እዚያ ነው።

ኮምቦልቻ ካለው የፋብሪካ ሥራዬ ስመለስ ደሴ ውስጥ ቴአትር እሠራለሁ። የያዝነው ንግሥቲቱ የምትሞትበት የጥንት የባሕር ማዶ ተውኔት ነው። አዘጋጃችን ጋሽ ሰይድ ግን ታሪኩን በደርግ ዘመን ደሴ ላይ አደረገው። ትልቅ ምክንያት ያለው መስሏችሁ ከሆነ፣ የለውም። መጋዘን ውስጥ የተገኘው ልብስ ካኪ ብቻ ነበር። ንጉሡ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነ፤ ዙፋኑም የብረት ወንበር። ንጉሡ እኔ ነኝ። ካኪውን በልኬ ያጠበበችልኝ ከድጃ ናት፤ ልምምዱን የጀመርነው እሷ ሳለች ነበር።

የትርኢቱ ቀን የከድጃ አባት፣ አባ ይመር፣ ከኩታበር መጡ። ቴአትር አይተው አያውቁም። ሂክማ ሮጣ ተቀበለቻቸውና ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈለገች።

«እማዬስ?»

ሽማግሌው እኔን አዩኝ። ገለል አድርጌ፣ «ኩታበር ናት በሏት» ብዬ ለመንኳቸው።

«ወላሂ አልዋሽም» አሉ። «ዝም ማለት ግን እችላለሁ።»

ዝም አሉ። እስከ ሦስተኛው ገቢር ድረስ። መልእክተኛው ገብቶ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለቤትዎ አርፈዋል» አለኝ። በተውኔቱ ንጉሡ ሐዘኑን ውጦ ወደ ጦርነት ይነሳል። ግን እኛ አገር ሞት ተነግሮ ማን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል? አባ ይመር ብድግ አሉ።

«ጀመዓ፣ ምን ታያላችሁ? ዱዓ እናድርግላት እንጂ!»

አዳራሹ ሙሉ እጁን ዘረጋ።

«ያ አላህ፣ ለዚህች ሴትዮ እዘንላት። ለልጄ ለከድጃም እዘንላት።»

ጴንጤው መልእክተኛችን ሳይቀር አሜን አለ።

ሂክማ መድረኩ ጫፍ ድረስ መጣች። «አባዬ፣ እማዬም እንደ ሴትዮዋ ሞታለች?»

ቀጣዩ ቃሌ «ጦሩ ይነሳ!» ነበር። ጠፋኝ። ወርጄ አቀፍኳት።

«አዎ፣ የኔ እናት። ኩታበር ነው የቀበርናት።»

ስምንት ወር ያላለቀስኩትን እዚያው፣ በካኪዬ፣ አለቀስኩ።

መጋረጃው ተዘጋ። ጋሽ ሰይድ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑን እየጠረገ መጣ። «ዱዓውን ለሳምንትም እናስገባው» አለ።

የተቆጡት አባ ይመር ናቸው። «እንዴ! ሴትዮዋ ለሳምንት ደግማ ልትሞት ነው?»

ቤት ስንገባ ሂክማ፣ «ነገ ሄደን እናያታለን?» አለችኝ። መቃብሯን አሳይሻለሁ አልኳት። ካኪውን ሰቀልኩ። ከዚያ ጭቃ የያዘውን የሂክማን ትንሽ ጫማ አጥቤ፣ እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።