የዶክተር ኢያሱ ልብ

ትናንት በምሳ ሰዓት፣ ዐይኔን ለአፍታ ጨፈን ሳደርግ፣ ሕልም ይዞኝ ሄደ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ሕክምና ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ሥራውን ልልመደው ብዬ በከተማችን ሆስፒታል በነጻ ማገልገል ከጀመርኩ አራተኛ ወሬ ነው። ነጭ ጋወን ለብሼ ካርድ አመላልሳለሁ፤ በሽተኛ በተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ።

በሕልሜ ወደ አስተኝቶ ማከሚያው ክፍል ስገባ አልጋዎቹ ላይ የተኙት ሐኪሞቹ ነበሩ። ሁሉም ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በሽተኞቹ ደግሞ የልብ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ከአልጋ አልጋ ይዘዋወራሉ። ግሉኮሱ ከክንዳቸው አልተነቀለም፤ መስቀያውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ ነው የሚሄዱት። ይህ ማንንም አልገረመውም። እኔንም አልገረመኝ።

አለቃቸው እትዬ ስንዱ ነበሩ፤ በየሳምንቱ ለደም ግፊታቸው የሚመጡት በርበሬ ነጋዴ።

«ሕክምና ልትማሪ ነው አሉ?»

«አዎ እትዬ፣ ውጤት እየጠበቅሁ ነው።»

«የሥራ ልምድ አለሽ?»

«አራት ወር ሙሉ በሽተኛ ገፍቻለሁ።»

«እሱማ የጎማው ልምድ ነው። ለመሆኑ ታመሽ ታውቂያለሽ?»

አፈርኩ። «አንዴ... ቶንሲል።»

በክፍሉ ያሉ በሽተኞች በሙሉ በሐዘኔታ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

«በይ ነይ» አሉና እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ አልጋ ወሰዱኝ። የተኙት ዶክተር ኢያሱ ነበሩ፤ ቀዶ ሐኪማችን፤ ሲያልፉ ግድግዳ ተጠግተን የምናሳልፋቸው። መዳፌን ጭብጥ አደረጉት።

«አያምም አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አያምም» አልኳቸው። መዋሸቴን ሁለታችንም አውቀናል።

እትዬ ስንዱ ከአንገታቸው አውልቀው የሰጡኝን ማዳመጫ ደረታቸው ላይ አሳረፍኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ። ከዝናቡ ሥር ሰዎች ይናገሩ ነበር። «ዶክተር፣ ትድናለች?» «ዶክተር፣ እናቴ እኮ ናት!» «ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩን።» በእጃቸው ያለፈ ሰው ሁሉ ድምፅ፣ አንድም ሳይጎድል፣ እዚያ ውስጥ ነበር። የዳኑት ይስቃሉ። ያልዳኑት ቀስ ብለው፣ ያለ ቂም፣ ስማቸውን ይናገራሉ።

ቀና ስል ጣሪያው የለም። ዝናቡ ከሰማይ ወርዶ ከራሳችን በላይ፣ አየር ላይ፣ ጠብታ ጠብታውን እንደያዘ ቆሟል። ቤተ መቅደስ ደጃፍ የደረስኩ ይመስል ጫማዬን አወለቅሁ።

«እትዬ፣ ዶክተር ይኼን ሁሉ እንዴት ችለውት ኖሩ?»

«ማን ጠይቋቸው ያውቃል?» አሉ እትዬ ስንዱ። «አሁንስ? ሐኪም እሆናለሁ ትያለሽ?»

መልሴን ልናገር አፌን ስከፍት፣ ነቃሁ።

የተመላላሽ ሕክምናው ክፍል በራፍ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ምራቄ አገጬን አርሶታል። ፊት ለፊቴ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ቆሟል። ሳል እንኳ በእጅ ታፍኖ ነው የሚሳለው። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሐኪሙ ዛሬ አይመጣም ብለውን ልንበተን ነበር» አሉኝ በሹክሹክታ። «ነጭ ለብሰሽ ስናይሽ ተመስገን አልን። ደክሟታል፣ ትረፍ ብለን ነው ያልቀሰቀስንሽ፣ ዶክተርዬ።»

ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።