የእማዬ ቴምር ምን ነካት?

(ማለዳ። የቤተሰብ ቤት ጓሮ። ከበሩ አንስቶ እስከ ውኃ ታንከሩ ድረስ የቴምር ዛፎች በግንቡ ሥር ተደርድረዋል። እትዬ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የጎማ ጓንት አጥልቃ፣ በአንድ እጇ መጋዝ ይዛ፣ የእናታቸው ቴምር ላይ በተደገፈው መሰላል ሥር ቆማለች። መሰላሉ ላይ ያለው ታናሽ ወንድሟ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ቤት ውስጥ ግን እስካሁን የሚጠራው ማሙሽ ተብሎ ነው።)

እትዬ፦ ውረድ አልኩህ!

ማሙሽ፦ ውጣ ያልሽኝም አንቺ ነሽ።

እትዬ፦ ውጣ ያልኩህ በጫማ ነው። በባዶ እግር ማን ውጣ አለህ?

ማሙሽ፦ በጫማ ስወጣ «መሰላሉን ጭቃ አስበላኸው» ብለሽ ጮኽሽ።

እትዬ፦ ጭቃውን ጥረግ ማለቴ ነዋ!

ማሙሽ፦ ጭቃው ጫማውን አልለቅም አለ። ሁለቱንም አንድ ላይ አወለቅኳቸው።

እትዬ፦ እሺ ተወው፣ አንዴ ወጥተሃል። ምን ይታይሃል?

ማሙሽ፦ (አሻግሮ እያየ) ጎረቤት ልብስ አስጥተዋል። አንሶላው የኛን ይመስላል።

እትዬ፦ ዛፏ ላይ!

ማሙሽ፦ አሃ። አበባው ገና አልፈነዳም። ሽፋኑ ላይ ግን ቡኒ ነገር አለ፤ የቆርቆሮ ዝገት ይመስላል።

እትዬ፦ ሰንጠቅ አድርገህ ውስጡን እየው።

ማሙሽ፦ (ሽፋኑን እየላጠ) ነጭ ዱቄት ሞልቶታል! እንኳን ደስ ያለሽ፣ እትዬ! የእማዬ ቴምር ዱቄት አወጣች!

እትዬ፦ አንተ ሰውዬ፣ ሴት ዛፍ ዱቄት ታወጣለች? ዱቄት ያለው ወንዱ ነው።

ማሙሽ፦ ታዲያ ይሄ የማን ነው?

እትዬ፦ ፈንገስ ነው፣ ፈንገስ! አበባዋን ውስጥ ውስጡን አበስብሶታል።

(ማሙሽ ፊቱ ይለዋወጣል። ቀስ ብሎ ይወርድና ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ የግራ እግሩን ጣቶች እየፈለቀቀ ይመረምራል።)

እትዬ፦ ምን ሆንክ?

ማሙሽ፦ እትዬ፣ እንዳትቆጪ። ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

እትዬ፦ ምኑን?

ማሙሽ፦ ፈንገሱን። ያኔ ጣቶቼን ሲያሳክከኝ አይተሽ «ፈንገስ ነው» አላልሽኝም? ቀኑን ሙሉ ጫማ ውስጥ ታፍኖ ፍሬን ሲረግጥ የሚውል እግር ነው። ይኸው አሁን በባዶው ወጣሁባት።

እትዬ፦ ዝገቱን ያየኸው ከወጣህ በኋላ፣ በሽታው የያዛት ከመውጣትህ በፊት! ደግሞም የእግር ፈንገስ ሌላ፣ የቴምር ፈንገስ ሌላ።

ማሙሽ፦ ስማቸው አንድ ነው እኮ።

እትዬ፦ አንተስ ማሙሽ ትባል የለ? ሕፃን ነህ?

ማሙሽ፦ ለአንቺና ለእማዬ፣ አዎ።

(እትዬ ሳቋን ትውጣለች። ማሙሽ ከኪሱ ቅባት አውጥቶ ክዳኑን ይፈታል።)

እትዬ፦ ምንድነው ደግሞ እሱ?

ማሙሽ፦ የእግሬ ቅባት። ተርፎኛል። በስሱ፣ ጠዋትና ማታ ብለሽኝ አልነበር?

እትዬ፦ ዛፏን ልትቀባት?! ወዲያ መልሰው! ስማ፣ እኔ የዚህን በሽታ ነገር ስልኬ ላይ አንብቤ ጨርሻለሁ። ጥፋቱ የወንዱ ነው።

ማሙሽ፦ ባልሽን ከፈታሽ ወዲህ የወንድ ያልሆነ ጥፋት ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ፦ የቴምሩ ወንድ! በሩ ጋ ያለው! መጀመሪያ የታመመው እሱ ነው። አበባው ዝጎ ሳየው ዝም አላልኩም፤ በዚህ መጋዝ ገንድሼ ጣልኩለት።

ማሙሽ፦ እጅሽ ይባረክ።

እትዬ፦ ከዚያ ለጥንቃቄ ብዬ ከጎኑ ያለችውን ደረቅ ዘንባባዋን ቆራረጥኩላት። እሷን ስጨርስ ቀጣይዋን። ከዚያ የእማዬን። ጉልበቴ እምቢ ባይለኝ ታንከሩ ጋ ያለችውን የአንተንም አጸዳልህ ነበር። ይህን ሁሉ ለፍቼ ግን ምን ዋጋ አለው? እኔ የነካኋቸው ሁሉ ታመሙ። የአንተዋ፣ ያቺ ማበጠሪያ የማታውቅ ጎፈሬ፣ ምንም አልሆነች።

ማሙሽ፦ ምናልባት ሰው ሲነካት አትወድም።

እትዬ፦ ዛፍ እንደ ባለቤቱ ሰነፍ ሲሆን በሽታም ይንቀዋል መሰለኝ። (መጋዙን ሣሩ ላይ ጥላ ግንቡ ሥር ያለውን መጥረቢያ ታነሳለች) ለማንኛውም የእማዬ ዛፍ አልቆላታል። ትቆረጥ።

ማሙሽ፦ (ብድግ ብሎ) ምን አልሽ?

እትዬ፦ ሰማህ።

ማሙሽ፦ እትዬ፣ እማዬ አልጋዋን በመስኮቱ በኩል ያስዞረችው እኮ ይህችን ዛፍ ለማየት ነው። ነገ ጠዋት መጋረጃውን ስከፍትላት ምን ላሳያት? የጎረቤት አንሶላ?

እትዬ፦ (ድምጿ ዝቅ ብሎ) እኔስ ደስ ብሎኝ ነው? ሆስፒታል ውስጥ ስንቱን አይቻለሁ። አንዱን እግር ለማዳን ሲባል ሰውየው የሚታጣበት ጊዜ አለ። ስልኩም ቁረጡ ነው የሚለው።

ማሙሽ፦ ምኑን ቁረጡ?

እትዬ፦ የታመመውን።

ማሙሽ፦ የታመመው ዛፉ ነው አበባው?

እትዬ፦ ያው...

ማሙሽ፦ እስቲ አንብቢልኝ። እኔ መነጽር አልያዝኩም።

እትዬ፦ (ስልኳን አውጥታ በተቆራረጠ ድምፅ) «...የታመመውን አበባ ከነሽፋኑ ቆርጦ... ዱቄቱ ሳይበተን ከረጢት ውስጥ ከትቶ... ከጓሮው ራቅ አድርጎ ማቃጠል።»

ማሙሽ፦ መጥረቢያ የሚል አለው?

እትዬ፦ (መጥረቢያውን ከኋላዋ እየደበቀች) የለውም።

ማሙሽ፦ ከዚያስ?

እትዬ፦ «ፍሬ ከተለቀመ በኋላ፣ የሚቀጥለው አበባ ብቅ ሳይል፣ መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት መርጨት። ከታመመ ወንድ ዛፍ የአበባ ዱቄት አለመውሰድ።» ይሄን እኮ አውቀዋለሁ!

ማሙሽ፦ ታውቂዋለሽ። እኔ ያልገባኝ ሌላ ነው። ወንዱ ያለው በሩ ጋ፣ የእማዬ ያለችው እዚህ። ዛፍ አይራመድ። ይሄ ፈንገስ በማን ጀርባ ታዝሎ መጣ?

እትዬ፦ በነፋስ።

ማሙሽ፦ ነፋሱ የኔን ዛፍ ዘሏት?

እትዬ፦ በዝናብ ይሆናላ!

ማሙሽ፦ ዝናቡም ጉልበቱን አሞት ታንከሩ ጋ ሳይደርስ ቀረ?

(እትዬ ዞር ብላ ታንከሩ ጋ ያለችውን ዛፍ ታያለች።)

ማሙሽ፦ አየሽ፣ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው አስነጥሶ ያን የመቆሚያ ብረት ከያዘ፣ ማታ ላይ ጉንፋኑ ኋላ ወንበር ደርሶ ታገኚዋለሽ። ሰውየው ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ለመሆኑ አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ አንዱን በሽተኛ የወጋሽበትን መርፌ ለሌላው ትደግሚው ነበር?

እትዬ፦ (በቁጣ) ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እኔ? አንድ መርፌ ለአንድ ሰው! ሞቼ እገኛለሁ! ከእኔ ሥር የሠሩ ልጆች ይመስክሩ! አንዱ ላይ የዋለ ብረት ሳይቀቀል ሌላው ጋ ከሄደ፣ እሱ ሕክምና አይደለም፣ በሽታ ማደል ነው! እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሳይ...

(ዓይኗ ሣሩ ላይ የወደቀው መጋዝ ላይ ያርፋል። ጥርሱ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ቀስ ብላ የመሰላሉ ታችኛው ደረጃ ላይ ትቀመጣለች።)

እትዬ፦ ማሙሽዬ።

ማሙሽ፦ ወይ፣ እትዬ።

እትዬ፦ መጋዙን አጥቤው አላውቅም።

ማሙሽ፦ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ትል ነበር እማዬ።

እትዬ፦ እሷን ተዋት አሁን! ይልቅ በረኪና አምጣ። ባልዲም። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስንሄድ መጋዙ እየተዘፈዘፈ ነው የሚሄደው። የታመመውን አበባ አንድም ሳናስቀር እንለቅመዋለን። ዛፏ አትቆረጥም። (ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች) አትቆረጥም፣ ገባህ?

ማሙሽ፦ እኔማ ድሮም አልገባኝም ነበር።

(ከመስኮቱ በኩል የእማዬ ሳል ይሰማል፤ ቀጥሎ ልጆቿን ስትጣራ።)

እትዬ፦ (በሹክሹክታ) ሰምታናለች! ዛፏን ማን አሳመማት ብላ መጠየቋ አይቀርም። አደራህን እንዳትነግራት።

ማሙሽ፦ ምን ልበላት?

እትዬ፦ ዘንድሮ አየሩ ከፍቶ ነው በላት።

ማሙሽ፦ (ወደ መስኮቱ ጮክ ብሎ) እማዬ! እትዬ «ዘንድሮ አየሩ ከፍቶ ነው በላት» ብላኛለች!

(ከውስጥ የእማዬ ሳቅ። እትዬ ጓንቷን አውልቃ ትወረውርበታለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ያመልጣል።)

እትዬ፦ ቆይ፣ አንተ እስከ ዛሬ እንዲህ ስትሆን... አውቀህ ነው?

ማሙሽ፦ ሞኝ የሚሉት ሰው፣ እትዬ፣ ቤት ውስጥ ሥራ አይበዛበትም።