ከአህያ ማዋያው ጎን ያለው ቤት

ሰው ሚስት ሲያጭ ዘር ይቆጥራል፤ በሬ ሲገዛ ጥርስ ያያል፤ ጤፍ ሲሸምት ዘግኖ ከመዳፉ ላይ እፍ ይላል። ቤት ሲገዛ ግን አንጋጦ ጣሪያ ሲያይና ግድግዳ ሲያንኳኳ፣ ከአጥሩ ማዶ ማን እንዳለ መጠየቁን ይረሳዋል። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት ይህን አይተው ነው። እርግጥ ጎረቤት ያሉት ባለ ሁለት እግሩን ይሁን ባለ አራቱን ለይተው አልነገሩንም። ያን ጣጣ ለእኔ ተዉት።

በላሊበላ ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ላርም፤ አንዱን ዓመት ታምሜ ተኝቻለሁና ሠላሳ አራት ነው። ያን ሁሉ ዘመን የኖርነው በኪራይ ቤት ነው። ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ አንዲት የኮክ ችግኝ በዘይት ቆርቆሮ ተክላ፣ «የራሴ መሬት ላይ ካልሆነ አላወጣትም» ብላ ምላ፣ ሦስት ኪራይ ቤት አዙራታለች። ችግኟም ቆርቆሮዋን አክላ ቀረች። በዚህ መካከል አከራያችን ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርጉት እንዳሰቡ በትሕትና ነገሩን። ትሕትናው ደስ ይላል፤ መልቀቁ ግን አይቀርም።

አቅማችን የሚደርስባቸው ሁለት ቤቶች ተገኙ። አንደኛው ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ፣ ከዳገቱ ላይ ነው። ጸጥታው ለንባብ የተፈጠረ ሲሆን፣ ከደጁ ሲቆሙ የላስታ ተራሮች ለሰንደቅ ዓላማ እንደተሰለፉ ተማሪዎች ይታያሉ። ሁለተኛው ከገበያው አጠገብ፣ በዚህ ሁሉ ነገሩ ዳገትና ቁልቁለት በሆነ ከተማ ብርቅ በሆነው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳውን ግን የተመኘነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ከአጥሩ ማዶ የአህያ ማዋያ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባላገሩ እህሉን ጭኖ ይመጣና፣ አራግፎ፣ አህያውን እዚያ ለጠባቂው ሰጥቶ ወደ ገበያው ይዘልቃል። አህያ ደግሞ ትተዋት ሲሄዱ ዝም የምትል ፍጥረት አይደለችም።

የአስካለ ጉልበት ከዳገት ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል። እንግዲህ ምርጫው በእኔ ጆሮና በእርሷ ጉልበት መካከል ሆነ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እኔ ያደላሁት ለጆሮዬ ነበር።

የሜዳው ቤት ባለቤት እማሆይ ወለተ ማርያም ይባላሉ። በላስታ በሬ የሚሸጥ ሰው ነውሩን ሳይናገር ገመዱን ለገዢ አይሰጥም። «ይወጋል»፣ «ውኃ ሲያይ ይተኛል» ብሎ ይናዘዛል። እማሆይም ቤቱን በዚሁ ሥርዓት ነበር የሚሸጡት።

«ስማኝ አንተ ልጅ» አሉኝ (ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው)። «ጣሪያው በወዲያ በኩል ያፈሳል። በሩ ክረምት ክረምት ያብጣል። ቅዳሜ አህያ አለ። ሌላ ነውር የለውም። እኔ እሑድ ወደ አሸተን፣ ወደ ገዳሙ ጥግ መውጣቴ ነው። ሌላም ፈላጊ አለና ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁርጡን ንገረኝ።»

መምህር ነኝና ያለ ማስረጃ አልፈርድም። ቅዳሜ በማለዳ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ከማዋያው በር፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ገጹን በመስመር ከፋፍዬ «ሰዓት»፣ «የጩኸት ብዛት»፣ «የጩኸት ደረጃ» ብዬ ጻፍሁ። ደረጃውም ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብሎ በሦስት ተመደበ። ለዳገቱ ቤት የምከራከርበትን ሰነድ ማዘጋጀቴ እንደነበር እናንተም ሳትጠረጥሩ አልቀራችሁም።

ያላወቅሁት ነገር፣ የማዋያው ጠባቂ አያ ሙሄ በዚያ ጠዋት የልጃቸው ሚስት ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ሄደው ነበር። ከገበያው በፊት እመለሳለሁ ብለው ነበር። አራስ ቤት ግን ገንፎ አለ፤ ገንፎ ባለበት ቶሎ መመለስ የለም።

አንዲት ባላገር መጣች። ከበሩ የተቀመጠ፣ ደብተር የያዘ ሽማግሌ አየች። ሌላ ምን ታስብ?

«አባባ፣ ይችን አደራ!» ብላ ገመዱን ከእጄ አኖረችው።

ጠባቂው እንዳልሆንሁ ላስረዳት ጀመርሁ። ክፉ ልማዴ ሆኖ ማስረዳት የምጀምረው ከመግቢያው ነው፤ ወደ ዋናው ሐሳብ ስደርስ ሴትዮዋ ገበያው ውስጥ ገብታለች። ገመዱን ጥዬ መሄድ እችል ነበር ትሉኝ ይሆናል። በእኛ አገር ግን «አደራ» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ታስሯል፤ አህያዋ ሳትሆን እርሱ ነው የታሰረው። ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛው ተከተለ። ረፋዱ ላይ ሠላሳ ሁለት አህዮች ነበሩኝ። ይቅርታ፣ ሠላሳ ሦስት፤ አንዷ ከግንቡ ጥላ ተኝታ ሳልቆጥራት ቀርቼ ነው።

የጩኸቱን መዝገብ ትቼ የስም ጥሪ መዝገብ ከፈትሁ። የባለቤቱን ስም፣ ቀጥሎም የአህያውን ምልክት እጽፋለሁ። «ዳልቻ፤ ጀርባዋ ላይ የመስቀል ምልክት ያለባት።» «ዳልቻ፤ ጀርባው ላይ የመስቀል ምልክት ያለበት።» እንዲህ እያልሁ አሥር ያህል ከመዘገብሁ በኋላ ቀና ብል፣ ለካ ሁሉም ዳልቻ ናቸው፣ ሁሉም ጀርባቸው ላይ መስቀል አለባቸው! ስልሳ ሦስት ዓመት አህያ መካከል ኖሬ አንዷን እንኳ አስተውዬ አላውቅም ማለት ነው።

በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ ደምሌ መጣ። ደምሌ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል።

«መምህር! ጡረታ ወጡ ሲሉኝ ወደዚህ ነው እንዴ ያዛወሩዎት?» ብሎ ሳቀ። ከዚያም ገመዱን እያቀበለኝ፣ «ያኔ ሒሳብ ሲጠፋኝ አህያ ይሉኝ ነበር። ዛሬ እውነተኛይቱን አመጣሁልዎ፤ እስቲ ያስተያዩን» አለኝ።

ገመዱን ተቀበልሁት። ብዬዋለሁ፤ ለእርሱ ብቻም አይደለም።

ከቀትር በኋላ አስካለ ቆሎ በመሐረብ ቋጥራ ልትፈልገኝ መጣች። በአህዮች መካከል ቆሜ፣ ሁለት የተራገጡትን ወደየጥጋቸው ስለይ ደረሰች። ግንቡን ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አንተ ሰው፣ ቤት ልታይ ሄደህ ቤተሰብ አፍርተህ ጠበቅኸኝ?»

ያን ጊዜ አንድ ነገር አየሁ። ዳገት ስትወጣ የማይለያትን ምርኩዟን አልያዘችም። እንደነገረችኝ ከእማሆይ ደጅ እስከ ገበያው፣ ከገበያውም እስከ ማዋያው በሜዳው ስትዞር ቆይታ፣ አንድም ቦታ አላረፈችም። ቤቱን እንደ ራሷ ቤት ስትዞረው ውላለች፤ እኔ ጩኸት ልቆጥር ተቀምጬ።

ባለቤቶቹ መመለስ ሲጀምሩ በመዝገቤ ተስፋ ቆርጬ፣ የቱ የማን እንደሆነ እንዴት ልለይ ብዬ ደብተሩን ደጋግሜ አገላበጥሁ። አህዮቹ ግን ጉዳዩን ከእጄ ወሰዱት። ጌታዋ ከበሩ ብቅ ሲል እያንዳንዷ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ከመንጋው ተለይታ ትወጣለች። አንዲትም አልተሳሳተችም። የደምሌን ጨምሮ ሠላሳ አራቱም ከየባለቤታቸው ጋር ሄዱ፤ እኔ በፈተና ላይ እንዲህ ያለ ውጤት አርሜ አላውቅም። ደምሌ ሲመጣ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ማንን ነው፣ እኔን ወይስ እሷን?» አለኝ።

«ሁለታችሁንም።»

ደብተሬን ገለጥሁ። ከጩኸቱ ረድፍ ላይ አንድም ምልክት የለም። አልጮኹም አልላችሁም፤ አስካለ ድምፃቸውን ከገበያው ማዶ ሰምታዋለች። እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እማሆይ ዘንድ ደርሰን ቁርጡን ነገርናቸው።

የኮኳን ችግኝ በገባን በሦስተኛው ቀን ተከልናት። ስለ ፍግ አታስቡ፤ በአጥር ላይ ይሻገርልናል። በዓመቷ አጥሩን አልፋ ወደ ማዋያው ማጮለቅ ጀምራለች።

አንድ ቀን አያ ሙሄ ከኮኳ ጥላ ተቀምጠው፣ ጺማቸውን እያሻሹ አንድ ምሥጢር አወጡልኝ። «ወላሂ መምህር፣ እኛም እኮ ሰግተን ነበር። ቤቱን መምህር ሊገዛው ነው ሲሉን ከባለ አህዮቹ ጋር መከርን። መምህር ጎረቤት ደግ ነው ወይስ ማዋያውን ወደ ሌላ ቦታ እናዙር ብለን፣ እማሆይን ሄደን ጠየቅናቸው።»

«ምን አሉ?»

«እንደ ሥርዓቱ ነውርዎን ነገሩን። ‹ይናገራል፤ ግን አይራገጥም› አሉን።»

በዚህ ላይ የማርመው የለኝም።