ለካሳሁን ሕመም የቆሙ ምስክሮች

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ሞኙንስ መክረውም ተቆጥተውም ያስለቅቁታል፤ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ግን ማን ይቆጣዋል? አንድ ቢሮ ደጅ ጠንታችሁ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ።

የአክስቴ ልጅ ካሳሁን ከማክሰኝት ሲዘምት፣ የምልመላ ሐኪሞች ከጥርሱ እስከ ጭንቅላቱ መርምረው «ፍጹም ጤነኛ» ብለው አተሙለት። ከጦርነቱ ሲመለስ ግን ገበያ መሀል ቆርቆሮ በወደቀ ቁጥር ከፍየሎቹ መካከል በደረቱ የሚተኛ ሰው ሆኖ ነበር። የተሰናበተበት ወረቀት «ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረበት የአእምሮ ሕመም» ይላል። ነገሩ ግልጽ ነው። ሕመሙ ከጦር ሜዳ ከመጣ የሚያሳክመው መንግሥት ነው፤ ከእናቱ ቤት ይዞት ከሄደ ግን እናቱ ታሳክመው። ጦርነቱ ንጹሕ ነው።

ደግነቱ፣ እንዲህ ያለውን ስንብት እንደገና የሚመረምር ኮሚቴ ጎንደር ላይ ተቋቋመና «ከልጅነቱ የሚያውቁት ሁለት ምስክሮች ይቅረቡ» አለ። እኔ አዋቂ ነኝ ባዩ ከተሜ፣ ካሳሁንን ከጎረቤቶቹ ከአያ ተገኘና ከአያ ውበቱ ጋር በማኪና ይዤ መጣሁ። ጠዳን ስናልፍም «መታመሙን አጥብቃችሁ መስክሩ፤ እንዳታፍሩ» ብዬ ሽማግሌዎቹን መከርኳቸው። ከመቼ ጀምሮ የሚለውን ማን አስቦት! በእኛ አገር ደግሞ ለወገን የሚሰጥ ምስክርነት እንደ ገበያ እህል ነው፤ ከተሰፈረ በኋላ ምራቂ ይጨመርበታል።

ሰብሳቢው «ሕመሙ መቼ ጀመረው?» ሲሉ አያ ተገኘ ቀደሙ።

«ምነው ጌታው፣ ይህ ልጅ እኮ ሲወለድም አላለቀሰም። ስቆ ነው የወጣ።»

አያ ውበቱ መበለጥ አልወደዱም። «በአምስት ዓመቱ ከጥጃ ጋር ይመካከር ነበር። ጥጃውም ይመልስለት ነበር።»

ጸሐፊው ሁሉንም ጻፈ። ሽማግሌዎቹ ተመስግነው ሲወጡ እኔ ዘልዬ «ፍጹም ጤነኛ» የሚለውን የምልመላ ወረቀት ዘረጋሁ። ሰብሳቢው በትሕትና አዩትና «እሱን የጻፈው ሌላ ኮሚቴ ነው» ብለው መለሱልኝ። ስንብቱ ጸና፤ ሕክምናው ቀረ። ምክሩ የእኔ ነበርና ካሳሁንን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ሽማግሌዎቹ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። አያ ተገኘ ገና ከሩቅ «እንዴት ሆነ ልጄ? ሸጋ አድርገን መሰከርን?» አሉ።

እኔ እውነቱን ላፈርጠው አፌን ስከፍት ካሳሁን ቀደመኝ። ጎንበስ ብሎ የሁለቱንም ጉልበት ሳመ።

«ሸጋ አድርጋችኋል አያ። ቃላችሁን አንድም ሳያስቀሩ ተቀብለውታል» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው መረቁት። ይህን ልጅ ነው እንግዲህ፣ ሁላችንም ተባብረን እብድ ያልነው።