የአንባቢያን ዕድሜ መዳቢ ኮሚቴ ታላቅ ሥራ

የሰው ልጅ መጽሐፍ ለማንበብ ስንት ዓመት ሊሞላው ይገባል? የዓለም ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ፈርተው ሲያልፉት ኖረዋል። ፊት ለፊት የገጠመው የናዝሬት ከተማ ነው፤ ከናዝሬትም የእኛ ቀበሌ፤ ከቀበሌያችንም አምስት ሰዎች ያሉበት አንድ ኮሚቴ። የቀበሌው ንባብ ቤት ሠራተኛ በመሆኔ ይህን ታላቅ ሥራ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አይቻለሁ። ባለውለታዎቻችን ተረስተው እንዳይቀሩ እጽፈዋለሁ።

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሁለት ሣጥን መጻሕፍት በባቡር ደረሱን። ሁሉም የምናብና የሳይንስ ልብ ወለዶች ነበሩ፤ ስለ ዘንዶና ስለ አስማተኛ፣ ስለ ሩቅ ከዋክብትና ገና ስላልተሠሩ መኪናዎች የሚተርኩ። አብሯቸው የመጣው ደብዳቤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው፦ «ለየዕድሜው የሚስማማውን እየመረጣችሁ አስነብቡ።» እኔ ባለማወቄ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ሣጥኖቹን ከፍቼ፣ ለልጅ የልጅ፣ ለአዋቂ የአዋቂ እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳውስ ቆየሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ንዋይ ደርሰው ባያስቆሙኝ ኖሮ ሕዝቡ በሙሉ አንብቦ ነበር።

«ጓዲት ሸዋወርቅ፣» አሉኝ፣ «ለየዕድሜው የሚለውን ማን ወሰነው?»

«ሰውየውን እያየሁ ነው የምሰጠው።»

«በዓይን?»

«በዓይን።»

ጓድ ንዋይ በሐዘኔታ ተመለከቱኝ። በማግስቱ የአንባቢያን ዕድሜ መዳቢ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው መጻሕፍቱን አላነበበም። ይህን የምለው ለነቀፌታ አይደለም። ጓድ ንዋይ እንዳስረዱን፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን ያልተወሰነ መጽሐፍ ማንበብ አደገኛ ነው፤ የኮሚቴው አባላትም ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እኔ አንብቤ ጭብጡን በሁለት ቃል እነግራቸዋለሁ፤ እነሱ ይመድባሉ። ለእኔ አደጋ የለውም ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።

«በዚህኛው ውስጥ ዘንዶ አለ» አልኩ። «ዋሻ ውስጥ ወርቅ ላይ ተኝቶ ይኖራል።»

«ወርቁን ከየት አመጣው?»

«መጽሐፉ አይልም።»

«ሠርቶ እንዳላገኘው ግልጽ ነው» አሉ ጓድ ንዋይ። «ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ።»

«ይኼ ደግሞ እየተነሣ መንደር ለመንደር ስለሚዞር ሐይቅ ነው።»

«የይለፍ ወረቀት ይዟል?»

«አልያዘም።»

«ለልጆች መጥፎ ትምህርት ነው። ቀጥይ።»

«ይኼኛው ወደ ኋላ ዘመን የሚወስድ መኪና ስለ ሠራ ሰው ነው።»

«ወደ ኋላ?» አለ የኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ ሙሉብርሃን፣ ብዕሩን ከወረቀቱ አንሥቶ።

«ወደ ፊትም ይሄዳል።»

ሁለት ሰዓት ተወያዩ። ወደ ፊት የሚሄድበት ክፍል ለወጣቶች ተፈቀደ፤ ወደ ኋላ የሚሄድበት ገጾቹ ተሰፍተው እንዲዘጉ ተወሰነ። እኔ ራሴ በጆንያ መርፌ ሰፋሁት።

በመጨረሻ «ሰባቱ ከጨረቃ ማዶ» የተባለውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አነሣሁ። ሰባት ሰዎች በመንኮራኩር ወደ ሩቅ ኮከብ ይጓዛሉ፤ በአንደኛው ቅጽ መጨረሻ ከምድር ጋር የነበራቸው ግንኙነት ይቋረጣል። ሽፋኑ ላይ የተርጓሚው ስም በጥቁር ቀለም ተሰርዟል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ጓድ ንዋይ ጥቁሩን በጣታቸው እየነኩ። ወደ ቀበሌያችን ተዛውረው ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

«ከዚህ በፊት የነበረ ኮሚቴ ውሳኔ ነው።»

«ጥሩ ሠርቷል። ግን ተርጓሚው ራሱ ቀርቦ ቢያስረዳን አይሻልም?»

«አይመቸውም» አልኩ።

ጓድ ሙሉብርሃን «ተርጓሚው ተጠርቶ አልቀረበም» ብሎ ጻፈ። በ1970 ሲጠራ ግን የጫማውን ክር እንኳ በቅጡ ሳያስር ነበር የሄደው፤ የዚያን ጊዜውንም መጥሪያ የጻፈው እጅ ይኸው ነበር። ተርጓሚው ባለቤቴ ነው። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ የኮሚቴው ነው። መጽሐፉ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ተባለ። አንደኛው ቅጽ በውሰት ወጥቶ ስለ ነበር፣ ሁለተኛው ብቻ ጓድ ንዋይ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነበር፦ አንድ ሰው አሥራ ስምንት ዓመት እንደ ሞላው በምን ይታወቃል? የልደት ወረቀት ያለው ሰው በቀበሌያችን አልተገኘም። አንዱ የተወለደው ጣሊያን ሲወጣ ነው፤ ሌላዋ አንበጣ የገባ ዓመት።

«አንበጣ ማስረጃ አይሆንም» አሉ ጓድ ንዋይ።

ቀንና ማኅተም ያለበት፣ በየቤቱም የማይታጣ ወረቀት አንድ ብቻ ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት። ጓድ ንዋይ ያን ዕለት ብድግ ብለው ያደረጉትን ንግግር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ጓዶች! ሰው ሁለት ጊዜ ይወለዳል። አንድ ጊዜ ከእናቱ፤ ይህ የግል ጉዳይ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከመሃይምነት ጨለማ፤ ይህ ግን ማኅተም አለው! ስለዚህ የአንባቢ ዕድሜ የሚቆጠረው የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቱን ከተቀበለበት ዕለት ጀምሮ ይሆናል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የተማሪዎች ጉዳይ ለንዑስ ኮሚቴ ተመራ፤ ንዑስ ኮሚቴው እስካሁን አልተቋቋመም። ውሳኔው በአራት ግልባጭ ወደ በላይ አካል ሄደ፤ በሳምንቱ «አርአያነት ያለው ተግባር» የሚል የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው መስተዋት ገብቶለት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

የመጋቢት አቧራ ከተማውን በሸፈነበት አንድ ሰኞ ጋሽ ገመዳ አንደኛውን ቅጽ ይዘው መጡ። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ጋሪ የሚነዱ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ተሳፋሪ እስኪመጣ ጋሪያቸው ላይ ተቀምጠው፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ አራት ወር ሙሉ አንብበውታል።

«አካም ጅርታ፣ ሸዋ ልጄ። ሁለተኛውን ቶሎ አምጪ፤ ሾፌሩ ጭንቅ ላይ ነው።»

ሾፌሩ የሚሉት የመንኮራኩሩን አብራሪ ነው። የሥራ ባልደረባቸው አድርገውት ነበር።

«ተቆልፎበታል፣ ጋሽ ገመዳ። ምስክር ወረቀትዎን መቼ ነው የተቀበሉት?»

«በ76።»

«እንግዲህ ሁለት ዓመትዎ ነው።»

«ማን? እኔ?»

«እርስዎ።»

«ኧረ ስድስት ልጅ ወልጃለሁ!»

«ሳይወለዱ ነው የወለዷቸው።»

ቀልድ መሆኑን ለማየት ፊቴን መረመሩ። አለመሆኑን ሲያዩ ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«እስከ አሥራ ስምንት ስንት ይቀረኛል?»

«አሥራ ስድስት።»

«ሐኪሙ ለዓይኔ የሰጠው እስከ ክረምት ነው» አሉ።

የግራ ዓይናቸው ቀድሞ ጠፍቷል፤ የቀኙም ደብዝዟል። በስተርጅና ፊደል ቆጥረው የጀመሩት የመጀመሪያ መጽሐፍ ይህ ነው፤ ተጓዦቹ ይመለሱ አይመለሱ ሳያውቁ መቅረት አልፈለጉም።

«መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ልንገርዎት?» አልኩ።

«ዝም በይ! መንገድ ላይ ያለ ሰው መድረሱን አስቀድሞ ይነገረዋል? አብሬያቸው ልድረስ እንጂ።»

ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ጓድ ንዋይ በፈገግታ ተቀበሏቸው።

«አቶ ገመዳ፣ ለእርስዎ ዕድሜ ተመርጦ የተቀመጠ አለን» ብለው፣ ጨረቃ ላይ ስለ ወጣች ጥንቸል የሚተርክ አሥራ ሁለት ገጽ የሥዕል መጽሐፍ አቀረቡላቸው። ጋሽ ገመዳ ሊቀበሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ጓድ ሙሉብርሃን ከለከለ። በደንቡ መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ይነበብላቸዋል እንጂ ራሳቸው አያነቡም። አነበበላቸው።

«ትመለሳለች?» አሉ ጋሽ ገመዳ መሃል ላይ።

«ትመለሳለች።»

«ገና ሳትጨርስ በምን አወቅህ?»

«መጨረሻው ሥዕል ላይ አለች።»

«የእኔዎቹ ሥዕል የላቸውም» አሉ።

ኮሚቴው ርኅራኄ አልጎደለውም። ጓድ ሙሉብርሃን ደንቡን አገላብጦ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ አንባቢ በወላጅ ፊርማ ሊፈቀድለት እንደሚችል አገኘ። ጋሽ ገመዳ ወላጅ ይዘው እንዲቀርቡ ታዘዙ።

እናታቸው አዴ ዲንቄ ከሁሩታ በእህል መኪና መጡ። ሰማንያ አልፏቸዋል። በትራቸውን እያንኳኩ አዳራሹ ገብተው ገና ሳይቀመጡ፣

«ልጄ ምን አጠፋ?» አሉ።

«ምንም አላጠፋም እናቴ፤ ማንበብ ፈልጎ ነው» አሉ ጓድ ንዋይ።

«ለዚህ ነው ወላጅ የምትጠሩት?»

«ይፈርሙለት።»

አዴ ዲንቄ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። ጓድ ሙሉብርሃን ደነገጠ።

«በጣት? መሠረተ ትምህርት አልተማሩም?»

«ማን ጊዜ ሰጥቶኝ!»

ኮሚቴው ለብቻው ተሰብስቦ፣ ያልተወለደ ሰው የሁለት ዓመት ልጅ ሊኖረው ይችል እንደሆነ አንድ ሰዓት ያህል መከረ። ተመልሶም በንባብ አሰማ፦ «አመልካቿ በአንባቢነት ገና ያልተወለዱ በመሆናቸው እናትነታቸው ተቀባይነት አላገኘም።»

«ማል ጄዴ?» አሉ አዴ ዲንቄ ወደ ልጃቸው ዞረው። ምን አለ ማለታቸው ነው።

«አልወለድሽኝም ይላል፣ አዮ።»

አዴ ዲንቄ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን አቆሙ።

«ምጡን እኔ ነኝ የማውቀው» አሏቸው ጓድ ንዋይን። «ያንተ ወረቀት የታል? አሳየኝ።»

«እኔ ዲፕሎማ አለኝ።»

«ይኼን የሱን ዓይነት ነው ያልኩህ።»

ጓድ ንዋይ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ደንቡ ስለ ዲፕሎማ ምን ይላል?»

«‹ከመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት በቀር ማናቸውም ማስረጃ ተቀባይነት የለውም።›»

«ማነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ተፈተሸ። አምስቱም አባላት ቀለም የቆጠሩት ትምህርት ቤት ነው፤ መሃይም ሆነው ስለማያውቁ ከመሃይምነት የወጡበት ወረቀት የላቸውም። የእኔም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ማንበብ መቻሌን አያረጋግጥም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተወለደ ሰው ጋሽ ገመዳ ብቻ ነበሩ፤ የሁለት ዓመት የዕድሜ ባለጸጋ።

«እናሻሽለው ይሆን?» አለ ጓድ ሙሉብርሃን በሹክሹክታ።

«ተመስግነንበታል እኮ!» አሉ ጓድ ንዋይ፣ ግድግዳውን እያዩ።

የቀረው መንገድ መወለድ ነበር። በመጪው እሑድ የመሠረተ ትምህርት የማጠቃለያ ፈተና ስለሚሰጥ አምስቱም ተመዘገቡ፤ የእኔ ጉዳይ ለሚቀጥለው ዙር ተላልፎ ሳልወለድ ቀረሁ። ፈታኙ ባለ ምስክር ወረቀት መሆን አለበት፤ መዝገባቸው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የጋሽ ገመዳ ብቻ ስለሆነ እሳቸው ተሾሙ። ተፈታኙ የሚያነበውም ከዚህ በፊት ያላነበበው ጽሑፍ መሆን አለበት።

«ሁለተኛው ቅጽ» አሉ ፈታኙ ሳያመነቱ።

«ለእርስዎ እኮ አይፈቀድም!»

«እኔ መች ላነብ ነው? ሕፃን ነኝ፤ ይነበብልኝ።»

ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አባላቱ እየተቀባበሉ መቶ አሥር ገጽ አነበቡ። ወሬው ጣቢያው ድረስ ደርሶ ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን እያሰሩ ገቡ፤ በመስኮት የቆመም ነበር። ጋሽ ገመዳ እናታቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አማርኛው ለእናታቸው ሲከብድ በኦሮምኛ እየነገሯቸው ያዳምጡ ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ ለጓድ ንዋይ ደረሰ።

በመጀመሪያ እንደ ንግግር አነበቡት፤ ከየአንቀጹ በኋላ ለጭብጨባ ቆም ይሉ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ መቆሙን ረሱት። መንኮራኩሩ ከኮከቡ ሊነሣ ነው፤ በሩ ግን ከውጭ ካልተዘጋ አይነሣም። ሾፌሩ መሪውን ለጓደኛው አስረክቦ ወጣና በሩን ዘጋ። ስድስቱ ተመለሱ። በማረፊያው ሜዳ ባንድ ተሰልፏል፤ የሾፌሩ ሚስት የሚወርዱትን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ስድስተኛው ወርዶ በሩ ተዘጋ። አንድ ሹም መጥቶ እዚያ መቆም እንደማይፈቀድ ነገራት። «ሴትየዋም ወደ ቤቷ ሄደች» ይላል የመጨረሻው መስመር።

«ተሳፋሪውን አደረሰ» አሉ ጋሽ ገመዳ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሾፌር ነበር።» ከዚያ የጓድ ንዋይን ምስክር ወረቀት ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው በትልልቅ ፊደል ፈረሙበት። «አልፈሃል፣ ልጄ።»

ጓድ ንዋይ ወረቀቱን አላዩትም። የመጨረሻውን ገጽ ወዲያና ወዲህ ያገላብጡ ነበር።

«ሦስተኛ ቅጽ አለው?» አሉኝ።

«የለውም።»

«እንዴት አይኖረውም? ሰውየው የት ደረሰ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሚስቱ ቆማ እያየች፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይነገራት፣ ሰው ጠፍቶ ዝም ይባላል? ማንም አይጠየቅም?»

ባለጋሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። ጓድ ሙሉብርሃን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይህ ጥያቄ በዚያ አዳራሽ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲቀርብ ኖሯል፤ ከሊቀመንበር አፍ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ነበር።

መዝገቤን ገለጥኩ። በወረቀታቸው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አልኳቸው፣ «ከተወለዱ ገና ሩብ ሰዓትዎ ነው። ይህ ጥያቄ የተፈቀደው ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ለሆኑ ብቻ ነው።»