በጀርባዬ ላይ ሊተከል የነበረው ማሽን

ባሻ ወልደሰንበት ወርዶፋና ፎርማን አጥላባቸው ይመኑ፣ እኔ በወጣትነቴ ሙያ በተማርሁበት የመኪና ጥገና ክፍል ሥርዓት ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። በእነርሱ ዘመን ከባድ ዕቃ በመኪና ላይ ከመታሰሩ በፊት የወለሉ ልባስ ይነሣል፤ ብረቱ ይፋቃል፤ ዝገቱ ታይቶ ይጠገናል፤ ጣውላ ይነጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ብሎን ይጠብቃል። ይህን ያልፈጸመ ሠራተኛ ባሻ ፊት ቆሞ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

ይህንኑ ትናንት ከምሳ በኋላ ለልጄ ለናሁሰናይ በዝርዝር አስረዳሁት። ናሁሰናይ ምንጣፍና ሶፋ የማጠብ ሥራ ሊጀምር ያገለገለ ቫን ገዝቷል። ቫኑ ከዝዋይ ዓሣ ከነበረዶው ሲያመላልስ የኖረ ነው፤ ሻጩ ግን ወለሉን «ኦሪጅናል ነው» ባለው አዲስ ፕላስቲክ ለብጦታል፤ ልጄም ፕላስቲኩን ወዶታል። በማግሥቱ ጠዋት የአንድ ትልቅ ሆቴል የአዳራሽ ምንጣፍ ለማጠብ ውል ስለ ነበረው፣ ታንከርና ፓምፕ ያለውን ከባድ ማሽን በዚያው ቀን ማሰር ነበረበት።

«ፕላስቲኩን አንሣ» አልሁት።

«አባባ፣ ኦሪጅናሉን እንዴት እነቅለዋለሁ? ነገ ስሸጠው ምን ልል ነው?»

«ገና ሳትሠራበት ልትሸጠው ነው?»

«ይልቅ ትንሽ ጋደም ይበሉ፤ ደክመዋል።»

አልደከመኝም ነበር። ለክብሬ ስል ጋደም አልሁ፤ ዓለምም ተገልብጣ በሕልሜ መጣች።

በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ምንጣፎች ሰዎችን አጥበው ገመድ ላይ አስጥተው ነበር። አንድ ቀይ የአዳራሽ ምንጣፍ የቀድሞ ሥራ አስኪያጄን በዱላ ያራግፋል።

«የስብሰባ አቧራ ነው፤ በቀላሉ አይለቅም» አለኝ እያለከለከ።

በአክብሮት ጎንበስ ብዬ አለፍሁ። ወዲያው ራሴን ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት። መካኒኮቹ ቫኖች ነበሩ፤ ሰዎች ደግሞ ለጥገና ተሰልፈዋል። ቱታ የለበሰ አንድ ነጭ ቫን የአንድን ዳኛ አፍ ከፍቶ ዘይቱን ይለካ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሽማግሌው፣ በሆድዎ ይተኙ፤ ጭነት መጥቶልዎታል።»

ጭነቱ የልጄ ማሽን ነበር። ከረባት አስሮ፣ ቱቦውን እንደ ኩታ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ይህ ጀርባ ይችለኛል?» ሲል ጠየቀ። «ውኃዬን ስጠጣ እከብዳለሁ፤ በኋላ አልተነገረኝም እንዳይሉ።»

«ይህ ጀርባ ለማንም አጎንብሶ አያውቅም» አልሁት። ለምንጣፉ ያጎነበስሁትን አልቆጠርሁትም።

በዚህ ጊዜ ናሁሰናይ መጣ። ጢሙ ሸብቷል፤ ከዘራ ይዟል፤ ጉሮሮውንም ይጠራርጋል። እኔ ደግሞ ቁምጣ የለበስሁ፣ ጋቢ የደረብሁ ልጅ ሆኜ ስለ ነበር ከተኛሁበት ተነሥቼ ጉልበቱን ሳምሁ።

«ጋቢውን ግለጥና ከሥር ያለው ይታይ» ብሎ ቫኑን አዘዘው።

«አባባ፣ ጋቢዬን አላስነካም። አዲስ ነው! ደግሞስ ሰው ምን ይላል?»

«አንተ ልጅ፣ የጋቢውን አዲስነት ማን ጠየቀህ? አጥንትህን ነው የምናየው።»

«አጥንቴ ኦሪጅናል ነው!»

ቫኑ ጀርባዬን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ በጎን መስተዋቱ አዳመጠ።

«አልወደድሁትም» አለ። «ድምፁ ዓሣ ዓሣ ይላል።»

«ዝም ብለህ ብሳ!» ብዬ ጮህሁበት። «የባሻ ወልደሰንበት ዘመን አልፏል!»

ናሁሰናይ ከዘራውን ጥሎ አለቀሰ። ማሽኑ ከረባቱን አላላ፤ በጨዋነት ይቅርታ ጠየቀ፤ ተቀመጠብኝም። አንድ ነገር በከባድ ድምፅ ተሰነጠቀ።

ድምፁ ግን የሕልሜ አልነበረም። ብድግ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። እኔ በተኛሁበት ሰዓት ናሁሰናይ ከበያጁ ከቱፋ ጋር ማሽኑን በፕላስቲኩ ላይ አስሮ፣ ለሙከራ ታንከሩን ውኃ ሞልቶት ነበር። ማሽኑ ወለሉን ዘንጥሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ልጄም አብሮት ወርዷል፤ ከወገቡ በላይ ቫኑ ውስጥ ነው፤ እግሮቹ ግን ከመኪናው ሥር፣ በውኃና በዝገት ጭቃ መካከል ቆመዋል። ከዚያ ሁሉ ወለል ሳይበጠስ የቀረው ፕላስቲኩ ብቻ ነበር፤ ወገቡን እንደ መቀነት ጠፍሮታል። ቱፋ አፉን በሁለት እጁ ይዟል፤ ይሳቅ ይጸልይ አልለየሁም።

«ተጎዳህ?» አልሁት።

«አልተጎዳሁም።»

እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምሁ። ናሁሰናይ ወደ ታች፣ እግሮቹ ወዳሉበት ጉድጓድ ተመለከተ።

«ነገ እኮ አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች ከኋላ ጭኜ ቀለበት መንገድ ላይ ልወጣ ነበር» አለ። ከዚያም ቀና ሳይል፣ «ተሳስቻለሁ አባባ። እሺ፣ እንዳሉት ፕላስቲኩን እናንሣው።»