የሊቀመንበሩ የጀልባ ፈቃድ ባልመጣ ዓመት ስለማለፉ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የኮሱናሃማ ወደብ የመዝናኛ ጀልባና የዓሣ ማስገር ክበብ፣ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ በጃፓን ዘመን አቆጣጠር ሬይዋ 6 ዓመት፣ ሚያዝያ 14፣ እሑድ።

ቦታ፦ የክበቡ ብቸኛ ጀልባ በሆነችው በ«ሁለተኛዋ ፉሚኤ» ላይ፣ በሁለት ገመድ ከወደቡ ግንብ ጋር እንደታሰረች። በታሰረ ጀልባ ላይ ለመቀመጥ ፈቃድ እንደማያስፈልግ አቶ ናዋታ አስቀድመው አጣርተዋል። አንደኛዋ ፉሚኤ ጸሐፊዋ ናት።

ሰዓት፦ ለአራት ሰዓት ተጠርቶ አራት ከሩብ ላይ ተጀመረ። ያዘገዩት ሊቀመንበሩ ናቸው። ከጸሐፊዋ ጋር ከአንድ ቤት አብረው ቢወጡም እሳቸው በዙሪያው መንገድ መጥተዋል።

በስብሰባው የተገኙ፦

1. አቶ ኢሶቤ ቶራኪቺ፣ 76 ዓመት፣ ሊቀመንበርና ካፒቴን። በክበቡ ውስጥ የጀልባ መንጃ ፈቃድ ያላቸው፣ ወይም የነበራቸው፣ እሳቸው ብቻ ናቸው።
2. አቶ ናዋታ ሺገኖሪ፣ የደንብ ኃላፊ። በማዘጋጃ ቤቱ የምስክር ወረቀት መስኮት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ክበቡ ውስጥ የገቡት ስብሰባ ስለሚወዱ ነው።
3. አቶ ኦኪሞቶ ጌንጂ፣ የሞተር ኃላፊ፣ የመንደሪን ገበሬ። ከሊቀመንበሩ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲነታረኩ የኖሩ። ባሕር ያዞራቸዋል።
4. ወይዘሮ ካዋይ ቶኪኮ፣ አባል፣ የጸጉር ቤት ባለቤት።
5. ወይዘሮ ኢሶቤ ፉሚኤ፣ ጸሐፊ፣ የሊቀመንበሩ ባለቤት። የመምረጥ መብት የላትም።

ያልተገኙ፦ አቶ ማትሱዋ ካንጂ፣ በወገብ ሕመም። በፊርማ ፈንታ የሚያትሙበትን ማኅተማቸውን «የሚወሰነውን ሁሉ እደግፋለሁ» ከሚል ወረቀት ጋር በፖስታ ልከዋል። አምስት ሰውና አንድ ማኅተም ስለተገኘ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የሊቀመንበሩ ፈቃድ ጊዜው ስለማለፉ

አቶ ናዋታ ጉዳዩን ሲያብራሩ፣ የጀልባ ማሰሪያ ቦታውን ዓመታዊ ቅጽ ለመሙላት የሊቀመንበሩን ፈቃድ ተቀብለው እንዳዩትና «እስከ ሄይሴይ 35፣ ነሐሴ 20 ድረስ የጸና» በቀድሞው ዘመን አቆጣጠር እንደሚል፣ ይህም በዛሬው አቆጣጠር ባለፈው ዓመት ነሐሴ ስለሆነ ፈቃዱ ከሞተ ስምንት ወር ሊሞላው እንደሆነ ገልጸዋል። ክበቡ በእነዚህ ወራት አሥራ አንድ ጊዜ ባሕር እንደወጣ ሲጨምሩ፣ ወይዘሮ ቶኪኮ «እሷን እንኳ አትጻፊያት፣ ፉሚኤ» ብለዋል። ተጽፋለች።

ጉዳዩ አስቸኳይ የሆነበት ምክንያትም ተነሥቷል። የሊቀመንበሩ የልጅ ልጅ የወለደቻት ሱዙ ግንቦት 12 መቶ ቀን ይሞላታል። በዚያ ቀን እንደ ልማዱ ፊቷ የሚቀርበውን ቀይ ዓሣ በራሳቸው እጅ አጥምደው እንደሚያመጡ ሊቀመንበሩ ገና በተወለደች በሦስተኛው ቀን፣ ሕፃኗን እንደታቀፉ፣ በዘመድ ሁሉ ፊት ቃል ገብተዋል።

ሊቀመንበሩ መልስ ሲሰጡ ፈቃዱ አላለፈም ብለዋል። «ሄይሴይ ስንት ላይ ቆመ? ሠላሳ አንድ ላይ። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፣ ዘመኑ ሬይዋ ተባለ፣ ቁጥሩም እንደገና ከአንድ ጀመረ። ታዲያ ሄይሴይ ሠላሳ አምስት መጥቷል? አልመጣም። ይመጣል? አይመጣም። ያልመጣ ቀን እንዴት አድርጎ ነው የሚያልፈው?»

አቶ ናዋታ በመስኮታቸው ብዙ ዓይነት ሰው እንዳስተናገዱ፣ በዚህ በኩል የመጣባቸው ግን እንደሌለ ተናግረው የማሰቢያ ጊዜ ጠይቀዋል። አራት ደቂቃ አስበው «ትክክል አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ግን በጽሑፍ አቀርባለሁ» ብለዋል።

አቶ ኦኪሞቶ «እንዲያ ከሆነማ አንተም ገና ሰባ አንድ ዓመትህ ነው፣ ቶራ። ታዲያ ደረጃ ስትወጣ ምን ያስቃስትሃል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፈቃዱ ሄይሴይ 35 እስኪመጣ ድረስ የጸና እንዲሆን በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ከአራቱ አንዱ የአቶ ማትሱዋ ማኅተም ነው። አቶ ኦኪሞቶ የደገፉት ለሣቅ ያህል መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል።

አቶ ናዋታ ይህን ውሳኔ ባሕር ጠባቂዎቹ ሲያስቆሙ ማን እንደሚያነብላቸው ጠየቁ። ፈቃደኛ ስላልተገኘ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ታልፏል።

አጀንዳ 2፦ ፈቃዱን እንደገና ስለማውጣት

አቶ ናዋታ ከከተማ ያመጡትን መመሪያ ከአንቀጽ አንድ ጀምረው አንብበዋል። ፈቃዱ ያለፈበት ሰው የግማሽ ቀን ሥልጠና ይቀመጣል፤ ፈተና የለውም፤ አዲሱ ፈቃድ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። ለግንቦት 12 የሚደርሰው የመጪው እሑድ ሥልጠና ብቻ ነው። ወይዘሮ ቶኪኮ «ታዲያ ምን ቸገረን? ሄዶ ተቀምጦ መስማት ነው። እኔ ጸጉር ቤት በየቀኑ የማደርገው ይኼንኑ አይደል?» ብለዋል።

አንቀጽ ሦስት ላይ ከሥልጠናው በፊት የዓይን ምርመራ እንዳለ ሲነበብ፣ ሊቀመንበሩ የጀልባዋን ገመድ ለማጥበቅ ተነሥተዋል። ገመዱ ጥብቅ ነበር።

በዚህ ጊዜ አቶ ኦኪሞቶ መናገር ያልፈለጉትን ነገር እንደሚናገሩ ገልጸው ተናግረዋል። «ባለፈው ሳምንት አጥር ላይ ላሰጣሁት የዝናብ ካፖርት ጎንበስ ብለህ ሰላምታ ሰጥተሃል። መልስ ሲያጣም ሁለተኛ ጎንበስ ብለሃል። እኔን በሰባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ አክብረኸኝ አታውቅም።»

ሊቀመንበሩ ካፖርቱ ከባለቤቱ ይልቅ ክብር እንደሚገባው መልሰዋል። ጸሐፊዋ መነጽር እንዲያደርጉ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትለምናቸው መኖሯን ለማስታወስ እጇን አውጥታለች። ሊቀመንበሩም እንደ ወትሮው «መነጽር ያደረገ ካፒቴን ዓሣም ይንቀዋል» ብለዋል።

ምርመራውን ስለማለፍ የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ወይዘሮ ቶኪኮ፣ ሊቀመንበሩ ጭራሽ እንዳይመረመሩና ዓሣው ከሱፐርማርኬት ተገዝቶ አፉ ላይ መንጠቆ እንዲሰካበት ሐሳብ አቅርበዋል። ሊቀመንበሩ «ሕፃን ልጅ አላታልልም» ብለው ውድቅ አድርገውታል። ሕፃኗ ጥርስ እንኳ እንደሌላት ቢነገራቸውም በአቋማቸው ጸንተዋል።

አቶ ኦኪሞቶ፣ ከሊቀመንበሩ ኋላ ቆመው በሳል እንደሚረዷቸው ገልጸዋል። የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ ያሉት ክቦች አንድ ጎናቸው ክፍት ስለሆነና ተመርማሪው የተከፈተውን ጎን ስለሚናገር፣ አንድ ሳል ላይ፣ ሁለት ታች፣ ሦስት ቀኝ፣ ማስነጠስ ደግሞ ግራ ይሆናል። አቶ ናዋታ ይህ ማጭበርበር መሆኑን ሊያስረዱ ሲጀምሩ፣ ወሩ የዛፍ ብናኝ ሰውን ሁሉ የሚያሠቃይበት ሚያዝያ ነውና አስነጠሱ። ሊቀመንበሩም «ግራ» ሲሉ መለሱ። ዘዴው እንደሚሠራ ታምኖበት በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።

ወይዘሮ ቶኪኮ በተጨማሪ ሰሌዳውን በቃል ማጥናት እንደሚሻል ተናግረዋል። ይህም ጸድቋል። የአቶ ማትሱዋ ማኅተም ሁለቱንም ደግፏል።

አቶ ናዋታ በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የሣሉትን ሰሌዳ ለልምምድ ይሁን ብለው በወደቡ የዓሣ በረዶ ቤት በር ላይ ለጠፉት። ርቀቱ ከጀልባዋ አምስት ሜትር ነው። ሊቀመንበሩ ትልቁን ክብ እንዲያነብቡ ሲጠየቁ «የቱ በር?» ብለዋል። በሩ ከተጠቆማቸው በኋላ ከአሥር ክብ ሁለቱን በትክክል ተናግረዋል። ጀልባዋ ስለምትናወጥ ነው ሲሉም አመልክተዋል። አቶ ኦኪሞቶ ውሃው ሸሽቶ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ከተቀመጠች ሃያ ደቂቃ እንዳለፋት አስረድተዋል። እሳቸውን ግን አሁንም እንዳዞራቸው ነበር።

ሊቀመንበሩ ሳቁ፤ ሌላውም ሳቀ። ከዚያ ሊቀመንበሩ መሳቃቸውን ተዉ። የተናገሩት ቃል በቃል የሚከተለው ነው። «ሄይሴይ አለማለቁን እኔም አላምንበትም። ፈቃዱ ማለፉን ያወቅሁት በነሐሴ ነው። ሄጄ ዓይኔን ቢያዩትና አንተ ከእንግዲህ ይብቃህ ቢሉኝስ? ካልሄድኩ ማንም አይለኝም። ጀልባዋን ከሸጥኩ ጠዋት ተነሥቼ ወዴት ነው የምሄደው? ለዚያች ልጅስ የምን ሰው ነው የምባለው?»

ወይዘሮ ቶኪኮ የኮመጠጠ ፕለም የተከተተበት የሩዝ ድብልብል አደሉ። ትልቁ ለሊቀመንበሩ ተሰጠ።

አቶ ኦኪሞቶ «አንተ ግትር፣ ይኼን በነሐሴ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብለዋል። ሊቀመንበሩ «ትስቅብኛለህ ብዬ ነዋ» ብለዋል። አቶ ኦኪሞቶ እንደሚስቁ አምነው፣ ስቀው ሲጨርሱ ግን መኪናቸውን አስነሥተው ይዘዋቸው ይሄዱ እንደነበር አስመዝግበዋል።

አቶ ናዋታ የመመሪያው ንባብ ስላልተጠናቀቀ እንዲቀጥሉ ጠየቁ። ማንም ባይፈልግም ቀጠሉ። አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦ «ተመርማሪው መነጽር አድርጎ ቢመረመር ይፈቀዳል።»

ይህን እያወቁ ለምን ቀደም ብለው እንዳልተናገሩ ከየአቅጣጫው ተጠየቁ። አቶ ናዋታ በጊዜው ገና አንቀጽ ሦስት ላይ እንደነበሩ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድም አንቀጽ ዘለው እንደማያውቁ መልሰዋል።

ጸሐፊዋ መነጽሯን አውልቃ ለሊቀመንበሩ ሰጠች። ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ያለ መነጽር ነው።

ሊቀመንበሩ ዓሣ እያያቸው እንደሆነ ለማወቅ ወደ ባሕሩ ገልመጥ ብለው መነጽሩን አደረጉ። ከአሥሩ ክብ ዘጠኙን አነበቡ። ቀጥለውም ማንም ሳይጠይቃቸው በበሩ ላይ የተጻፈውን «እዚህ ዓሣ ማጠብ ክልክል ነው» የሚለውን አነበቡ። እዚያ ቦታ ዓሣ ሲያጥቡ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው ረጅም ጊዜ ካዩዋት በኋላ «አርጅተሻል እኮ» አሉ።

ጸሐፊዋ፣ ሄይሴይ ያላለቀው ለእሳቸው ብቻ እንደነበር፣ ለእሷ ግን በጊዜው ማለቁን ለመዝገብ ያህል ተናግራለች። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አላወለቁም፤ ፊታቸውንም አላዞሩም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

አቶ ኦኪሞቶ፣ ያደረጉት መነጽር የሴት ስለሆነ ሊቀመንበሩ ሟች አክስታቸውን መምሰላቸውን ገልጸዋል። በማስታወሻ ተይዟል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ክበቡ ዛሬ ያሳለፋቸው ውሳኔዎች በሙሉ፣ የሳሉም፣ የቃል ጥናቱም፣ ፈቃዱ የጸና ነው የተባለውም፣ ተሽረዋል። ሄይሴይ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ማለቁን ክበቡ በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል። ሊቀመንበሩ ነገ ጠዋት መነጽር ቤት ይሄዳሉ፤ እሑድ ደግሞ በአቶ ኦኪሞቶ መኪና ሥልጠናው ላይ ይገኛሉ። እስከዚያ ጀልባዋ አትፈታም። ሁሉንም ውሳኔ ደግፎ የነበረው የአቶ ማትሱዋ ማኅተም መሻራቸውንም ደግፏል።

ስብሰባው ውሃው ተመልሶ ጀልባዋ ከጭቃው ብድግ ስትልና አቶ ኦኪሞቶን የባሰ ሲያዞራቸው፣ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ተበትኗል።

የመጨረሻዎቹ መስመሮች ቢጣመሙ ጸሐፊዋ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ መነጽሯ አልተመለሰላትም። ሊቀመንበሩ ይህን ቃለ ጉባኤ ፈርመዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንብበው የፈረሙበት የመጀመሪያው ነው። አንብበውም «አርጅተሻል» ያሉት እንዲሰረዝ ጠይቀዋል።

አልተሰረዘም።